ከ… እስከ…

ዛሬም ሲቪዬን ልጨርስ ተቀምጬ «ከ… እስከ…» የሚለው ሳጥን ላይ ቀረሁ። ወ. እስከ ማታ ላኪልኝ ብላ ነበር። ሰማዩም ከጠዋት ጀምሮ እንደኔ አኩርፏል። ክፍት የቀሩትን ዓመታት በምን ልድፈናቸው እያልኩ ወደ ኢትዮጵያ የመጣው የወንጌል መልእክተኛ ሳሙኤል ጎባት ትዝ አለኝ።

እሱ ይህን ሳጥን ቢሞላው! (በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።) 1799 ስዊዘርላንድ ተወለደ፤ ባዝል ሠለጠነ። 1830 በአማርኛ የታተመ ወንጌል ይዞ ትግራይ፣ ደጃዝማች ሱባጋድስ ዘንድ ገባ፤ ከዚያ ጎንደር። ባልደረባው ኩግለር በዚያው ዓመት ጠመንጃ ፈንድቶበት ሞተ። 1835 ሚስቱን ይዞ ተመለሰ፤ ከሕመም ቀና ሳይል በዓመቱ ወጣ። የኔ ቢጤ ሲቪ እዚህ ያልቃል።

እንግሊዝና የጀርመኗ ፕሩሲያ ግን በ1841 ኢየሩሳሌም ላይ የጋራ የፕሮቴስታንት ጵጵስና መንበር አቁመው ነበር። ጳጳሱን በየተራ ያጩ ነበር፤ ፕሩሲያ ያጨችውን የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ (የእንግሊዟ አንግሊካን ቤተ ክርስቲያን አለቃ) አልቀበልም ማለት ይችል ነበር። የመጀመሪያው ጳጳስ አሌክሳንደር በ1845 ሲሞቱ ተራው የፕሩሲያ ሆነና ንጉሡ ጎባትን አሉ። ችግሩ፣ የጎባት ቅስና የሉተራን ነው። አንግሊካኖች ደግሞ ጳጳስ እጁን ያልጫነበትን ቅስና አይቆጥሩም፤ ይህን የኛ ሰው ሳይነገረውም ይረዳል። ስለዚህ ከዲቁና ተጀመረ፣ ቀጥሎ ቅስና፣ ከዚያ ጁላይ 5 ቀን 1846 ለንደን፣ ላምቤዝ ላይ ጵጵስና። ያውም ባለትዳር ሆኖ! ይህን ደግሞ የኛ ሰው ተነግሮትም አይገባውም።

ከዚህ በኋላ አንቱ ልበላቸው። ትምህርት ቤት ከፈቱ፤ በ1849 ያፎ በር አጠገብ ያለውን ቤተ ክርስቲያን ባረኩ። የዴር ሡልጣን መነኮሳታችን ሲከፋቸው እሳቸው ዘንድ ይሄዱ ነበር። ኢትዮጵያም ከልባቸው አልወጣችም። ሰባኪ ቢልኩ እንደሚባረር ከራሳቸው አይተዋል፤ ስለዚህ በእጃቸው እየሠሩ ወንጌል እንዲያድሉ ብለው የእጅ ሙያተኞች ላኩ። አፄ ቴዎድሮስ ሙያውን ወደዱት። ጋፋት ላይ አስቀምጠው መድፍ አሠሯቸው። የወንጌል መልእክተኞቹ ትልቁ ሥራ ሰባ ኩንታል ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል ሆኖ አረፈው።

ጳጳሱ በ1879 እዚያው ኢየሩሳሌም አርፈው ጽዮን ተራራ ላይ ተቀበሩ። መድፉን ግን በየትኛው ሳጥን ይጽፉት ነበር? «የተገኘ ውጤት»? ወይስ «ሌላ ተጨማሪ ችሎታ»?

ወ. ሁለቴ ደውላለች። እኔ እስካሁን የሞላሁት ስሜንና ስልኬን ነው።