ጅማቴ ተቆጥቷል ብዬ ያባከንኩት ስምንት ወር

ጠዋት ከአልጋ ስወርድ የመጀመሪያዎቹን እርምጃዎች እያነከስኩ ነበር የምራመደው። ከቀኝ ተረከዜ ሦስት ጣት ያህል ከፍ ብሎ ያለው ጅማት ሲነኩት ያማል፤ መሐሉም ፈትል እንደያዘ እንዝርት አብጧል። «ተቆጥቷል፣ ይበርዳል» አልኩ። ዳይክሎፌናክ የተባለውን ቁጣ ማብረጃ ቅባት ተቀባሁ፣ በረዶ ያዝኩበት፣ ሦስት ሳምንት አረፍኩ፤ ሲሻለኝ ሱሉልታ ወጥቼ ሮጥኩ፤ ተመልሼ አነከስኩ። ወጌሻ ባቴን ሲያሸኝ ደስ ይላል፣ ጅማቱን ሲያሸው ግን ሁለት ቀን ይብስብኛል። ስምንት ወር እንዲህ አለፈ።

ነገሩ የገባኝ በአልትራሳውንድ ያየችኝ ሐኪም ምስሉን ስታሳየኝ ነው። በግራው እግሬ ጅማቱ የተሠራባቸው የኮላጅን ክሮች ሸማኔ እንደወጠረው ድር ጎን ለጎን ተዘርግተዋል። በቀኙ ድሩ ተመሰቃቅሏል፤ ውሃ የሚይዝ ዝልግልግ ነገር በመሐል ገብቶ አወፍሮታል። ደም ስር እምብዛም በማይታይበት ቦታ አዳዲስ ቀጫጭን ደም ስሮች በቅለዋል፤ ለሕመሙ አንዱ ተጠርጣሪ አብረዋቸው የሚገቡት ነርቮች ናቸው። እንዲህ የቆየ ጅማት ናሙናው በማይክሮስኮፕ ሲታይ የብግነት (የመቆጣት) ሕዋሳት የሚገኙበት በጥቂቱ ነው። የእኔ ቅባት ታዲያ የትኛውን እሳት ሊያጠፋ ኖሯል?

መጨረሻ ላይ ጠየቀችኝ፦ «አንቲባዮቲክ ወስደሃል?» ለተቅማጥ ሲፕሮ (ሲፕሮፍሎክሳሲን) ገዝቼ ነበር። ተቆጣች። የዚያ ዘር መድኃኒቶች ጅማት እስከ መበጠስ ሊያደርሱ ይችላሉ፤ እኔ ደግሞ እንደ ከረሜላ ነው የዋጥኩት።

ያዘዘችልኝ ስዊድናዊው ሐኪም ሆካን አልፍሬድሰን እ.ኤ.አ. በ1998 በ15 አማተር ስፖርተኞች ላይ ያደረገውን ጥናት ያሳተመበትን ልምምድ ነው። ደረጃ ጠርዝ ላይ በጤነኛው እግር ከፍ ማለት፣ በታመመው ቀስ ብሎ ተረከዝን ዝቅ ማድረግ፤ 15 ጊዜ በሦስት ዙር፣ ጉልበት ቀጥ ብሎም ታጥፎም፣ ጠዋትና ማታ፣ 12 ሳምንት። በቀን 180 ይመጣል። ልጄ የኮንዶሚኒየማችን ደረጃ ላይ ሲያየኝ «አባዬ፣ ሊፍት እየጠበቅክ ነው?» ይለኛል።

በሦስተኛው ሳምንት አመመኝና አቆምኩ። ስህተት ነበር። በአስር ነጥብ መለኪያ እስከ አምስት የሚደርስ ሕመም፣ በማግስቱ ጠዋት ከበረደ፣ ችግር እንደሌለው የተነገረኝ በኋላ ነው። እንደገና ከአንድ ጀመርኩ፤ ሲቀለኝ ጀርባዬ ላይ አምስት ኪሎ ጤፍ ያዘለ ቦርሳ ጨመርኩ።

ከዓመት በኋላ ምስሉ ድጋሚ ታየ። ጅማቱ አሁንም ከግራው ወፍራም ነው፣ ድሩ የተመሰቃቀለበት ቦታም ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። ጠዋት ግን አላነክስም፤ ባለፈው እሑድ 10 ኪሎ ሜትር ሮጬ ሰኞ ደረጃውን በሩጫ ወረድኩ።