ሰላምታ ሳያስጨርሱ

ደሴ ዛሬም ጉም ውስጥ ናት። የጦሳ ተራራ ከነመኖሩም አይታይም። እንዲህ ባለ ቀን እጄ ለሥራ አይዘረጋም፤ ሻይ ይዤ የኢሜይል ሰርቨሬን ሎግ፣ የውሎ መዝገቡን፣ ሳነብ እውላለሁ። ይሄም ደስታ ሆኖ!

ስፓሙ፣ ያልተፈለገው የጅምላ መልእክት፣ ቀንሷል። ያ «ውርስ ወጥቶልሃል» የሚለው እንኳ ጠፍቷል። የላኪን ማንነት የሚያጣሩት ኤስፒኤፍ፣ ዲኪም፣ ዲማርክ ድሮም ነበሩኝ። እነሱ ግን ላኪው ነኝ ያለውን መሆኑን እንጂ ጨዋ መሆኑን አይነግሩህም። ስፓመሩም ዶሜይን ገዝቶ ሦስቱንም አሟልቶ ይመጣል። ግሬይሊስቲንግም ሞክሬ ነበር፤ የማያውቀውን ላኪ 451 ብሎ «ቆይተህ ተመለስ» የሚለውን። ብዙው ቦት፣ ስፓም የሚያሰራጨው ፕሮግራም፣ ሄዶ ይቀራል። ግን 10 ደቂቃ ብቻ የሚሠራ የማረጋገጫ ኮድ ከረፈደ ሲደርሰኝ ተናድጄ አጠፋሁት።

ያሳረፈኝ ፖስትስክሪን ነው፤ ሰርቨሬ የሚሠራበት የፖስትፊክስ ፕሮግራም በር ጠባቂ። በኢሜይል ወግ ቀድሞ የሚናገረው ባለቤቱ፣ ማለት ተቀባዩ ሰርቨር፣ ነው። 220 ብሎ ይቀበላል፤ እንግዳው ከዚያ በኋላ ራሱን ያስተዋውቃል። ፖስትስክሪን ታዲያ ሰላምታውን ይጀምርና ሆን ብሎ ሳይጨርስ እስከ 6 ሰከንድ ያቆየዋል። ደህና ሰርቨር ዝም ብሎ ይጠብቃል። ቦቱ ስንት በር የሚያንኳኳ፣ ምን ጊዜ አለውና! በመሃል ዘሎ ይናገራል። ሎጉ ላይ «ፕሪግሪት»፣ ማለትም «ከሰላምታ በፊት»፣ ተብሎ ይጻፍበታል። እንዲህ ያለው ይመለስ ብዬ ስላዘዝኩ ከደብዳቤው አንድ ቃል ሳይነበብ ይሸኛል።

ፖስትፊክስን የጻፈው ቪትሴ ቬኔማ ሆላንዳዊ ነው፤ ወሎን ያውቃል ብዬ አልጠረጥርም። ነገሩ ግን የኛው ነው። እዚህ ሰው መንገድ ላይ ይዞህ ቤቱን፣ ልጁን፣ ዝናቡን ጠይቆ ሳይጨርስ ጉዳይህን ካነሳህ፣ የመጣኸው ለጉዳይህ እንደሆነ ያኔውኑ ይነቃብሃል።

ይህን ሳስብ እማዬ ትዝ አለችኝ። ትናንት ኮምቦልቻ ደውዬ ነበር።

«እንዴት ዋልክልኝ የኔ አባት? ብርዱ እንዴት አድርጎሃል?» ኮምቦልቻ ላለ ሰው ደሴ ሁሌም በረዶ ነው። «ጎረቤቶችህስ…»

«እማ፣ ያ ወረቀት ደረሰሽ?»

«ደርሷል።» ትንሽ ዝም አለች። «ጎረቤቶችህስ ደህና ናቸው? ያቺ ልጅስ?»

ካቆመችበት ቀጠለች። ለወረቀቱ ቸኩዬ ነው እንጂ ስለ ልጅቷ መልስ መስጠቴንም እንጃ።

በኔ ደንብ ቢሆን ስልኬ ድሮ ታግዶ ነበር። ሰርቨሬን ትዕግሥት አስተምሬ እኔ ፕሪግሪት ሆኜ ቁጭ! አሁን ልደውልና አፌን ይዤ ላስጨርሳት ብዬ ስልኩን አነሳሁ። ግን ስትጨርስ ምን ልላት ነው? ጉዳይ የለኝም። ያለ ጉዳይ ደውዬላት ደግሞ አላውቅም። «ምን ሆነሃል?» ብላ አትደነግጥም?