ማን ይበልጣል? ተብሎ የወጣ ፈተና

የምሠራበት ክለብ የእግር ኳስም የቅርጫት ኳስም ቡድን አለው። ሥራዬ የሁለቱንም ተጫዋቾች የአካል ብቃት መለካት፣ መመዝገብና ውጤቱን ለአሠልጣኞቹ ማቅረብ ነው። ጂሙ ግን አንድ ነው። የውድድር ዘመኑ ሊጀመር ሲል ሁለቱም ቡድኖች የጠዋቱን ሰዓት ስለሚፈልጉ በር ላይ መገፋፋት የተለመደ ነው። ንትርኩ በሰዓት ይጀምርና ዞሮ ዞሮ አንድ ጥያቄ ላይ ያርፋል፤ ለመሆኑ እውነተኛው አትሌት ማነው?

የእግር ኳሱ ወገን መከራከሪያ ኪሎ ሜትር ነው። አንድ ተጫዋች በ90 ደቂቃ ከ10 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ይሸፍናል፤ የሚቀየረው ቢበዛ አምስት ሰው ነው፣ የወጣም አይመለስም። «እናንተ እኮ ሙሉ ጨዋታ ብትሮጡ 4 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ደከመኝ ስትሉ ትወጣላችሁ፣ ፎጣ ትከሻችሁ ላይ ጣል አድርጋችሁ ውሃ ጠጥታችሁ ትመለሳላችሁ» ይላሉ። የቅርጫቱ ወገንም መልስ አያጣም፦ «ከዚያ ከ12 ኪሎ ሜትሩ ውስጥ ስንቱ ነው ሩጫ? አብዛኛው እርምጃና ዱብ ዱብ አይደለም እንዴ?» እዚህ ላይ ሁለቱም አልዋሹም። ቅርጫት ኳስ ውስጥ ተጫዋቹ በየ2 ሰከንዱ ገደማ የሚያደርገውን ይቀይራል፤ ሲሮጥ ቆይቶ ይዘላል፣ ከዝላዩ ሲያርፍ ወደ ጎን ይንሸራተታል፣ ወዲያው ይገፋል፣ ዞሮ ይመለሳል። ሩቅ አይሄድም እንጂ አርፎም አይቆምም።

ዳይሬክተራችን ከሒሳብ ሥራ የመጡ ሰው ናቸው፣ ከቁጥር ሌላ አያምኑም። አንድ ቀን ሁላችንንም ሰበሰቡና «አንድ ቅጽ አዘጋጁ፣ ሁሉም ይፈተን። ድምሩ የበለጠለት ቡድን ጠዋቱን ይወስዳል። ከዚያ ወዲያ ቢሮዬ ድረስ የሚመጣ ክስ አልፈልግም» አሉ። ሐሳቡ ላዩን ሲያዩት ፍትሐዊ ይመስላል። እኔም በሆዴ «ቢያንስ ጥሩ መረጃ እናገኛለን» ብያለሁ።

ጉዱ የመጣው ፈተናው ሲመረጥ ነው። የእግር ኳሱ የአካል ብቃት አሠልጣኝ ማንም ሳይቀድመው «ዮ-ዮ!» አለ። ዮ-ዮ የዴንማርኩ ፊዚዮሎጂስት ዬንስ ባንግስቦ ያወጣው ፈተና ነው፤ 20 ሜትር ሄዶ በድምፅ ምልክት 20 ሜትር መመለስ፣ 10 ሰከንድ ፋታ፣ ከዚያ እንደገና፣ ፍጥነቱ እየጨመረ እስኪያቅት ድረስ። ለእግር ኳስ ሰው ልክ ለእሱ እንደተሰፋ ልብስ ነው። 2 ሜትር ከ10 ቁመትና ከ110 ኪሎ በላይ ክብደት ላለው ሴንተር፣ ቅርጫቱ ሥር ለሚጫወተው ረጅም ሰው፣ ግን በየ20 ሜትሩ ያን ሁሉ አካል አቁሞ፣ አዙሮ፣ እንደገና ማስነሳት የሚባል ጣጣ አለው። ኦክስጅን የመጠቀም አቅምም የሚለካው በኪሎ ተካፍሎ ነው። በከፍተኛ ደረጃ የሚጫወቱ እግር ኳሰኞች በደቂቃ ለአንድ ኪሎ ክብደት ብዙውን ጊዜ ከ55 እስከ 65 ሚሊ ሊትር ሲደርሱ ረጃጅሞቹ ቅርጫት ኳሰኞች ከዚያ ዝቅ ይላሉ። ሳንባቸው ሰንፎ እንዳይመስላችሁ፤ አካፋዩ ስለሚበዛባቸው ነው።

የቅርጫት ኳሱ አሠልጣኝ ነገሩ ስለገባው «እንግዲያው ዝላይም ይኑር፣ እሱም እኩል ነጥብ ይያዝለት» አለ። ማን ሊከለክለው ይችላል? በሙያው ዝላይ ቀልድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 በአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ በኤን ቢ ኤ የምልመላ ፈተና ላይ ኪዮን ጆንሰን የተባለ ወጣት ተንደርድሮ 48 ኢንች፣ ማለትም 1 ሜትር ከ22 ገደማ ዘሎ የፈተናውን ክብረ ወሰን ይዟል። የእግር ኳሱ ሰው በበኩሉ ክርስቲያኖ ሮናልዶ በ2019 ሳምፕዶሪያ ላይ በግንባሩ ያስቆጠራትን ጎል አነሳ፤ ጭንቅላቱ 2 ሜትር ከ56 ደርሶ ነበር ተብሎ በየቦታው የተወራላትን። «ቅርጫቱ እኮ 3 ሜትር ከ5 ሴንቲ ሜትር ነው!» ብለው ሳቁበት። እዚህ ላይ ግን ሳቁ ያለ ቦታው ነው። በግንባር የሚመታ ሰው እጁን አይዘረጋም። 2 ሜትር የሚረዝም ተጫዋች ቆሞ እጁን ሲዘረጋ ወደ 2 ሜትር ከ65 ስለሚደርስ ዳንክ ለማድረግ፣ ማለትም ኳሷን ከላይ ወደ ቅርጫቱ ለመክተት፣ ከ50 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ብቻ ቢዘል ይበቃዋል። ብዙ ሰው ቁመት የሰጠውን በዝላይ ይመዘግባል። እንዲያውም ለዝላይ ምስክር ጥሩ ቢባል እኔ የምጠራው 1 ሜትር ከ70 የማይሞላውን ስፓድ ዌብን ነው፤ በ1986 የኤን ቢ ኤን የዳንክ ውድድር ያሸነፈውን።

ዳይሬክተሩ ሁለቱንም ተቀብለው ከራሳቸው የ40 ሜትር ሩጫና ቤንች ፕሬስ፣ በጀርባ ተኝቶ ብረት መግፋትን፣ ጨመሩ። ቴሌቪዥን ላይ አይተውት ይሆናል። ፊዚዮቴራፒስታችን፣ በክለቡ ከሁላችንም በላይ የቆየችው፣ እጇን አነሳች።

«አለቃ፣ እነዚህ ልጆች 40 ሜትር ቀጥ ብለው ሮጠው አያውቁም እኮ። ሜዳቸው ራሱ ከጫፍ እስከ ጫፍ 28 ሜትር ነው።»

«እግር አላቸው አይደል?» አሉ ዳይሬክተሩ። ስብሰባው በዚያው ተዘጋ።

የፈተናው ዕለት ጠዋት ደስ የሚል ነበር። ዝላዩን የምንለካበት ዕቃ ከፍ ዝቅ የሚል ምሰሶ ሲሆን ጫፉ ላይ ቀጫጭን የፕላስቲክ ዘንጎች ተደርድረውበታል፤ የዘለለው ሰው በእጁ ገፍቶ ያዞራቸዋል። መጀመሪያ ግን እያንዳንዱን ቆሞ እጁ የሚደርስበትን እንለካለን። ሴንተሩ ዘሎ ከሁሉም በላይ ያለውን ዘንግ ሲያዞር አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ቆሞ የደረሰበትን ስቀንስለት ግን የተረፈው መጠነኛ ነበር። ቀጥሎ የመጣው የእግር ኳሱ በረኛ ነው። ጭብጨባ የለም፣ ምንም የለም፤ ቅናሹን ስሠራለት ከሴንተሩ አልፎ ከጋርዶቹ፣ ኳስ ከሚያመቻቹት አጠር ያሉ ተጫዋቾች፣ መሐል ገባ። ወረቀቱን አይቶ «ተሳስተህ እንዳይሆን» አለኝ። እንደገና ለካሁት፣ ያው ነው። ሲያስቡት የሚገርም አይደለም፤ በረኛ ሥራው ምንድን ነው? ከቆመበት ተስፈንጥሮ እጁን ዘርግቶ ኳስ መያዝ። ከጓደኞቹ ይልቅ ለቅርጫቶቹ ይቀርባል።

ከሰዓት በኋላ ወደ ሣር ሜዳ ወጥተን 40 ሜትሩን ጀመርን። ሰው ሁሉ ስሜት ውስጥ ገብቶ ነበር፤ ከኋላ እየጮኹ ያበረታታሉ። ያው ሴንተር በሁለተኛው ሙከራው ከ30 ሜትር ትንሽ አልፎ እጁን ወደ ጭኑ ጀርባ ላከ። በአንድ እግሩ እየነጠረ ሄዶ ሣሩ ላይ ተቀመጠ። ፊዚዮዋ ከመድረሷ በፊት ምን እንደሆነ ሁላችንም አውቀናል፤ ሃምስትሪንግ ነው።

የዚህን ምክንያት ያልተረዳ ሰው «አቤት ልፍስፍስነት!» ይላል። የጭን ጀርባ ጡንቻ አብዛኛውን ጊዜ የሚጎዳው እግር ወደ ፊት ተወርውሮ መሬት ሊነካ ሲል ነው። በዚያች ቅጽበት ጡንቻው እየተለጠጠ፣ በዚያው ላይ ደግሞ ቅልጥሙን ፍሬን እየያዘ ነው። ፍጥነቱ በጨመረ ቁጥር ጫናው ያይላል። ቅርጫት ኳስ ውስጥ ገና ፍጥነት ሲገነባ ሜዳው ያልቅና ተጫዋቹ ወደ ማቆም ይገባል፤ የሠለጠነ ሯጭ ግን ከ30 ሜትር በኋላም ፍጥነት እየጨመረ ይሄዳል። ስለዚህ ሴንተራችን ዕድሜ ልኩን ያልደረሰበት ፍጥነት ውስጥ፣ ያለ አንዳች ዝግጅት፣ በሰው ፊት ገባ። እግር ኳሰኞቹም ቢሆኑ በብዛት የሚጎዱት እዚያው ጡንቻ ላይ ነው፤ ነገር ግን በየሳምንቱ ከፍተኛ ፍጥነት ስለሚለማመዱ ጡንቻቸው ጫናውን ያውቀዋል። ቅርጫት ኳስ ላይ በብዛት የሚሄደው ቁርጭምጭሚት ነው፤ ሰው ዘሎ የሌላ ሰው እግር ላይ ሲያርፍ።

እግር ኳሰኞቹም በነፃ አልወጡም። እንጨት ወለል ላይ ተደጋጋሚ ዝላይ ስለዘለሉ በማግስቱ ሁለት የመስመር ተጫዋቾች ደረጃ የሚወርዱት ጎን ለጎን እየተራመዱ ነበር። ባታቸውና ከጉልበታቸው በታች ያለው ጅማት አልታዘዝ ብሏቸው። ቅርጫት ኳሰኛ በአንድ ጨዋታ 40 ያህል ጊዜ ይዘላል፤ ጅማቱ ያንን ለመሸከም ዓመታት ፈጅቶበታል።

ቤንች ፕሬሱ ግን ሳይፈተን ቀረ። ኬቨን ዱራንት በ2007 በምልመላው ፈተና ላይ ወደ 84 ኪሎ የሚጠጋውን ብረት አንድ ጊዜ እንኳ መግፋት እንዳልቻለ የቅርጫቱ አሠልጣኝ ሲያወራ ዳይሬክተሩ ዝም ብለው ሰሙ። ያ ልጅ በ2014 የኤን ቢ ኤ ምርጥ ተጫዋች ተብሏል።

ወረቀቱን ይዤ ቢሮ ስገባ የሁለቱም ቡድን ሰዎች ተቀምጠዋል። ድምሩ እግር ኳስን በትንሽ ልዩነት አሸናፊ አድርጎ ነበር። የቅርጫቱ አሠልጣኝ ገና ከመስማቱ «ዝላይ ለእኛ እንጀራችን ነው፣ ለምን ከዮ-ዮ እኩል ይያዛል?» አለ። ኮምፒውተሩን ወደ ዳይሬክተሩ አዞርኩና የዝላዩን ክብደት እጥፍ አደረግኩት። አሸናፊው ተገለበጠ። ወደ ቦታው መልሼ ዮ-ዮውን ከፍ አደረግኩ፤ እግር ኳስ በሰፊ ልዩነት መራ። የ40 ሜትሩን ስሰርዝ ደግሞ አቻ ሊሆኑ ምንም አልቀራቸውም። ዳይሬክተሩ ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አድርገው «እንዲህ ከሆነ አሸናፊውን የመረጥኩት እኔ ነኛ» አሉ።

«ፈተናውን ሲመርጡ መርጠውታል» አለ የእግር ኳሱ ሰው። ሲጠቀም የቆየው እሱ ነበርና ይህን ማለቱ ሁላችንንም አስገርሞናል።

ከዚያ በኋላ ያደረግኩት ነገር ለእኔ ከሁሉም በላይ ትርጉም ነበረው። ስሞቹን በስፖርት ሳይሆን በውጤት ቅርበት ደረደርኳቸው። ፖይንት ጋርዶቹ ከመስመር ተከላካዮቹና ከክንፍ ተጫዋቾቹ ጎን መጡ። የመሐል ተከላካዮቹ ከቅርጫቱ ፎርዋርዶች ጋር ተጠጋጉ። በጋርድና በሴንተር መካከል ያለው ርቀት በጋርድና በክንፍ ተጫዋች መካከል ካለው ይሰፋል። «ቅርጫት ኳሰኛ» ወይም «እግር ኳሰኛ» ብሎ በጅምላ መመዘን ለምን እንደማያስኬድ ከዚህ የተሻለ ማሳያ አላገኘሁም። ከአንዱ ስፖርት ወደ ሌላው ችሎታቸውን ይዘው የተሻገሩ ሰዎችንም ስናይ ነገሩ ያው ነው። የኤን ቢ ኤው ሴንተር ሀኪም ኦላጁዎን ናይጄሪያ ሳለ እጅ ኳስ ተጫዋችና የእግር ኳስ በረኛ ነበር፤ ተከላካይ የሚያደናግርበትን የእግር አጣጣል ያወረሰው እግር ኳስ ነው። በ2005 እና በ2006 የኤን ቢ ኤ ምርጥ የተባለው ስቲቭ ናሽ ያደገው የእግር ኳስ ተጫዋች ቤት ውስጥ ነው። አሜሪካኖች ፉትቦል በሚሉት በሌላው ጨዋታ ደግሞ አንቶኒዮ ጌትስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተጫወተው ቅርጫት ኳስ ብቻ ሆኖ ሳለ፣ ተከላካይን በጀርባው ከልሎ ኳስ የመያዝ ችሎታውን ይዞ ሄዶ የዝና አዳራሽ ገብቷል። በአንጻሩ ዩሴይን ቦልት፣ 100 ሜትርን በ9.58 ሰከንድ የሮጠው ሰው፣ በ2018 አውስትራሊያ ውስጥ ለአንድ ክለብ ሲሞክር በወዳጅነት ጨዋታ ሁለት ጎል ቢያገባም ውል ሳይፈረም ተለያይተዋል። ፍጥነት ማነሱ ነበር? ኧረ በጭራሽ።

ቅርጫት ኳሰኛውን ኒኮላ ዮኪችን ያነሳችው ፊዚዮዋ ናት። ብዙም የማይዘል፣ ፈጣን የማይባል፣ በ2014 ምልመላ 41ኛ ሆኖ የተመረጠ ሰው ሦስት ጊዜ የሊጉ ምርጥ ሆኗል። «እሱን በዚህ ወረቀት ብንፈትነው ወደ ቤቱ እንልከው ነበር» አለች። ዳይሬክተሩ ሳቁ፤ ከልባቸው ይሁን ከኀፍረት አላወቅኩም።

ውሳኔው አጭር ነበር። ድምር የሚለው ዓምድ ከቅጹ ወጣ፣ ቅጹም ለሁለት ተከፈለ፤ እያንዳንዱ ተጫዋች የሚወዳደረው በራሱ ቦታ ከሚጫወቱትና ካለፈው ዓመት የራሱ ውጤት ጋር ነው። የጂሙን ሰዓት ፊዚዮዋ በጨዋታ ቀን እየቆጠረች ትደለድላለች፤ ጨዋታው የቀረበበት ቡድን ከሰዓት፣ የራቀበት ጠዋት። ሴንተሩን የዝግጅቱ ጨዋታዎች በሙሉ አመለጡት። ሲመለስ የእግር ኳሱ የአካል ብቃት አሠልጣኝ ራሱ ነው ቀስ በቀስ ከፍ የሚል የፍጥነት ልምምድ ያወጣለት፣ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ሣር ላይ።

በረኛው ደግሞ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ከቅርጫቶቹ ጋር ዝላይ ካልሠራሁ ብሎ አስቸገረ። የራሱ አሠልጣኝ መጀመሪያ አኩርፎ ነበር፣ ኋላ ተወው። የቅርጫቱ አሠልጣኝም ማክሰኞ ማክሰኞ ይምጣ ብሏል፤ ኳሷን በእግሩ እንዳይነካት በሚል ቅድመ ሁኔታ።