የጫማው ጭቃ፦ የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎችን ተውኔት ማንበብና መተወን ያስተማርኩበት መንገድ

በአዲስ አበባ በሚገኝ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት የክወናና እይታ ጥበባት መምህር ሆኜ በተመደብኩበት ዓመት፣ ከመደበኛው ክፍለ ጊዜ በተጨማሪ የድራማ ክበቡን እንድመራ ኃላፊነት ተሰጠኝ። አባላቱ የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ነበሩ። የመጀመሪያ ሥራችን ለወላጆች ቀን የተዘጋጀ፣ በመጠጥ ምክንያት ስለሚፈርስ ቤተሰብ የሚናገር አጭር ድራማ ነበር። አባት የሆነው ልጅ ከመድረኩ ዳር እስከ ዳር እየተንገዳገደ ወጣ፤ እናት የሆነችው ልጅ የነጠላዋን ጫፍ ዐይኗ ላይ አድርጋ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው አለቀሰች፤ አያት የሆነው ደግሞ ጋቢ ደርቦ፣ ከዘራ ይዞና ወገቡን አጉብጦ በሚንቀጠቀጥ ድምፅ መከረ። ተመልካቹ ከት ብሎ ሳቀ። ልጆቹ በሳቁ ተደሰቱ፤ እኔ ግን ሐዘን ነው ብለን ያቀረብነው ነገር ለምን እንዳሳቀ ለብዙ ቀናት ሳሰላስል ሰነበትኩ።

በመጨረሻ የገባኝ ነገር ቢኖር ልጆቹ ያሳዩት ሰውን ሳይሆን የሰውን ምልክት ብቻ መሆኑ ነው። ስካር መንገዳገድ፣ እርጅና መጉበጥ፣ እናትነት ማልቀስ ሆኖ ነበር። ሰካራም ግን ብዙውን ጊዜ ላለመንገዳገድ የሚታገል ሰው ነው፤ ሽማግሌም ጉልበቱ እንደደከመ እንዳይታወቅበት ቀና ለማለት ይጥራል። ልጆቹ ይህን ሊያውቁ የሚችሉበትን ጥያቄ እኔ አልጠየቅኳቸውም። ጽሑፉን አባዝቼ ሰጠኋቸው፣ “በቃላችሁ አጥኑ” አልኳቸው፣ ከዚያም በቀጥታ ወደ ልምምድ ወሰድኳቸው። ስለዚህ በሚቀጥለው ዓመት ሥራውን ከንባብ ለመጀመር ወሰንኩ።

ለዚህ የሚሆን ጽሑፍ ስፈልግ ያገኘኋቸው የትምህርት ቤት ድራማዎች ሁሉም ነገር በግልጽ የሚነገርባቸው ነበሩ። ገጸ ባሕርያቱ የሚሰማቸውን ይናገራሉ፣ ጥፋታቸውን ይናዘዛሉ፣ በመጨረሻም ለተመልካቹ ምክር ይሰጣሉ፤ እንዲህ ባለ ጽሑፍ ውስጥ ለተማሪ የሚመረመር ነገር አይቀርም። በዚህም የተነሣ ግማሽ ገጽ የማይሞላ ትዕይንት ራሴ ጻፍኩ። ጊዜው ማለዳ ነው፤ ቦታው በመጋረጃ ለሁለት የተከፈለ አንድ ክፍል ቤት ነው፤ ከመጋረጃው ጀርባ አባት ታመው ተኝተዋል።

እህት፦ ቁርስህ ቀርቧል።
ወንድም፦ አልራበኝም።
እህት፦ ትናንትም አልራበህም ነበር።
ወንድም፦ ጫማዬን አይተሻል?
እህት፦ ከአልጋው ሥር ነው። ጭቃውን አራግፌዋለሁ።
ወንድም፦ ማን አራግፊ አለሽ?
እህት፦ ቀስ በል፤ ይሰማል።
ወንድም፦ እሺ፣ እመቤት። እንዳሉት ይሁን።

ልጆቹ ሲያነቡት “ቲቸር፣ ምንም ነገር የለውም እኮ” አሉኝ። ልክ ነበሩ፤ ታሪኩ በቃላቱ ውስጥ አልተነገረም። አንድ ወረቀት መሐል ለመሐል እንዲያሰምሩ አደረግኩና በአንዱ ወገን ጽሑፉ በእርግጥ የሚለውን፣ በሌላው ወገን ደግሞ እኛ የምንገምተውን ብቻ እንዲጽፉ ጠየቅኳቸው። ይህ ቀላል የሚመስል ሥራ ሁለት ሙሉ ክፍለ ጊዜ ወሰደ፤ ምክንያቱም ልጆቹ ግምታቸውን እንደ እውነት አድርገው ይጽፉ ነበር። “ወንድምየው ሰነፍ ነው” የሚለው በመጀመሪያው ወገን ተጻፈ። “የትኛው መስመር ላይ ነው ሰነፍ የተባለው?” ብዬ ስጠይቅ ዝም አሉ፤ ከዚያም ራሳቸው ሰረዙት። ከትምህርቱ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ይዘህ ቆይ ብባል ይህንን ጥያቄ ይዤ እቆያለሁ። አንድ ተማሪ ስለ አንድ ሰው የተናገረውን ነገር የትኛው መስመር ላይ እንዳገኘው እንዲያሳይ መጠየቅ ለትወና ብቻ የሚጠቅም አይመስለኝም።

መቼትን ለማስተማር ቃሉ ራሱ ረዳኝ። “መቼ” እና “የት” ተጣምረው የተፈጠረ ቃል በመሆኑ ልጆቹ ትርጉሙን ሳላብራራላቸው ያዙት። “መቼ?” ሲባሉ ግን “ጠዋት” ብለው ያቆማሉ። እኔ የምፈልገው ግን ከዚያ አልፈው እንዲሄዱ ነበር፦ ከምን በኋላ ያለ ጠዋት ነው? የትምህርት ቀን ነው? ክረምት ነው ወይስ በጋ? ያኔ ነበር አንዲት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ጭቃውን ያስተዋለችው። ቤታቸው ከተማ ውስጥ ከሆነና ወደ ትምህርት ቤት የሚወስደው መንገድ አስፋልት ከሆነ ጭቃው ከየት መጣ? ሌላው ተማሪ ወዲያው “ትምህርት ቤት አልሄደም ነበር፤ ወንዝ ወርዷል” አለ። ሦስተኛው ደግሞ “እህቱ ጭቃውን ስታራግፍ አውቃለች” ብሎ ጨመረ። ክፍሉ በአንድ ጊዜ ነቃ። ስለ ቁርስ የሚያወራ የመሰላቸው ጽሑፍ የአንድን ልጅ ምሥጢርና ምሥጢሩን እያወቀች የምትሸፍንለትን እህት የያዘ መሆኑን በራሳቸው ዐይን አገኙት።

የተደበቀውን ትርጉም ለማስረዳት ሰምና ወርቅን መጠቀሜ የሚጠበቅ ነው። የአገራችን የዘመናዊ ተውኔት አጀማመርም ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል፤ ተክለሐዋርያት ተክለማርያም በ1910ዎቹ የጻፉት የአውሬዎች ተውኔት ከእንስሳት ተረት የተነሣ ሲሆን፣ መኳንንቱ አውሬዎቹ እነማን እንደሆኑ ስለገባቸው በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታግዷል። ልጆቹ ይህን ታሪክ በጣም ወደዱት። ሆኖም ምሳሌው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እንቅፋት ሆነብኝ። የቅኔ ወርቅ ባለቅኔው አውቆ የደበቀው ነው፤ ሰሚው እንዲያገኘውም ይፈልጋል። በተውኔት ውስጥ ያለ ሰው ግን የደበቀው ነገር እንዲገኝበት አይፈልግም፤ አንዳንድ ጊዜም እየደበቀ መሆኑን ራሱ አያውቅም። ልጆቹ ይህን ልዩነት ስላላስተማርኳቸው ለእያንዳንዱ ቃል ወርቅ መፈለግ ጀመሩ፤ “ቁርስህ ቀርቧል” የሚለውን እንኳ ዐይናቸውን ጨፈን እያደረጉ፣ ለተመልካች እንደሚጠቁሙ ሆነው ይናገሩት ነበር። ስለዚህ እህትየዋ ቁርሱን በእውነት እንደምታቀርብ፣ ወንድሟ እንዲበላም በእውነት እንደምትፈልግ እንደገና ማስተማር ነበረብኝ። አሁን ሰምና ወርቅን ሳነሣ ይህን ልዩነት በዚያው ዕለት እናገራለሁ።

የቋንቋችን አጻጻፍ ራሱ ለተዋናይ የሚተወው ውሳኔ መኖሩን በደንብ ያየሁት ግን “ይሰማል” በሚለው ቃል ላይ ነው። ፊደላችን የሚጠብቀውን ከሚላላው አይለይም። ቃሉ ላልቶ ከተነበበ አባት ነቅቶ ይሰማል ማለት ነው፤ ሰ እና መ ጠብቀው ከተነበቡ ግን ድምፅህ ወደ ውጭ ይሰማል፣ ጎረቤት ያውቃል ማለት ይሆናል። በመጀመሪያው ንባብ እህትየዋ የምትጠብቀው የታመመ አባቷን ነው፤ በሁለተኛው የቤታቸውን ገመና ነው። አንድ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ተነሥቶ እንዲህ ሲል ተከራከረ፦ “እኛ ቤት አባታችንን አንቱ ነው የምንለው፤ ስለ አባቷ ብትናገር ኖሮ ‘ይሰማሉ’ ትል ነበር፤ ስለዚህ የምትናገረው ስለ ድምፁ ነው።” ከጎኑ የነበረችው ልጅ ደግሞ እነርሱ ቤት አባት አንተ እንደሚባል ተናግራ ተቃወመችው። ክርክሩን እኔ እንድዳኝ ጠበቁ። ጽሑፉ ሁለቱንም እንደሚፈቅድ፣ ነገር ግን ተዋናይ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ መናገር ስለማይችል አንዱን መርጦ በመረጠው መጽናት እንዳለበት ነገርኳቸው። ከዚያ በኋላ ማንኛውንም ጽሑፍ ስንቀበል የመጀመሪያው ሥራችን በሚጠብቁትና በሚላሉት ፊደላት ላይ በእርሳስ ምልክት ማድረግ ሆነ።

የመጨረሻው መስመርም እንዲሁ ለውይይት በር ከፍቷል። እህቱን እስከዚያ ድረስ አንቺ ሲላት የነበረው ልጅ በድንገት “እንዳሉት” ይላታል። ልጆቹ አንቱታ አክብሮት ነው ብለው ስለሚያምኑ በመጀመሪያ መስመሩን በትሕትና አነበቡት። ከአንተ ወደ አንቱ የሚደረግ ሽግግር ሰውን ከራስ ማራቂያም ሊሆን እንደሚችል የገባቸው፣ የተጣሉ ጎረቤቶች እንዴት እንደሚነጋገሩ ከየሰፈራቸው ምሳሌ ማምጣት ሲጀምሩ ነው።

ከንባብ ወደ ትወና ስንሻገር ትልቁ ችግር ስሜት ነበር። “እህትየዋ ምን ትፈልጋለች?” ስላቸው “ታዝናለች” ይሉኛል። ሩሲያዊው የቴአትር ሰው ኮንስታንቲን ስታኒስላቭስኪ (1863–1938 እ.ኤ.አ.) ተዋናይ የገጸ ባሕርይውን ሁኔታና ዓላማ እንዲይዝ ማስተማሩን ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ አውቅ ነበር፤ ለ13 ዓመት ልጅ የሚሆን አነጋገር ማግኘት ግን ጊዜ ፈጀብኝ። በመጨረሻ “ሌላ ሰው ከሌለ ልትሠሩት የማትችሉትን ግሥ ስጡኝ” ማለት ጀመርኩ። ማዘን ብቻውን የሚቻል ነገር ነው። ማባበል፣ ማስደንገጥ፣ መለመን፣ ማውጣጣት ግን ሁለተኛ ሰው ይሻሉ። ልጆቹ በእያንዳንዱ መስመር አጠገብ አንድ እንዲህ ያለ ግሥ ሲጽፉ ዐይናቸው ከተመልካቹ ተነሥቶ ወደ ጓደኛቸው ዞረ።

በዚህ ረገድ ከሠራኋቸው ስሕተቶች ሁሉ የሚቆጨኝን ልናገር። አንዲት ተማሪ አንድን የሐዘን ትዕይንት ልትይዘው ስላልቻለች፣ በራሷ ሕይወት ያዘነችበትን ቀን እንድታስታውስ ነገርኳት። ቤተሰቧ ውስጥ በቅርቡ ሞት እንደነበረ አላውቅም ነበር። ልጅቷ ማልቀስ ጀመረች፤ ልምምዱ ካበቃም በኋላ ማቆም አልቻለችም። አጠገቧ ተቀምጬ ይቅርታ ከመጠየቅ በቀር ምንም ላደርግ አልቻልኩም። ስታኒስላቭስኪ ራሱ በኋለኛ ዘመኑ ከስሜት ትዝታ ይልቅ ለአካላዊ ድርጊት ትኩረት መስጠቱን አንብቤ ነበር፤ ያነበብኩትን በሥራ ላይ ለማዋል ግን ይህ እስኪደርስ ጠበቅኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የልጅን ቁስል ለመድረክ አልነካም። “አንቺ እህትየዋ ብትሆኚ፣ ጫማውንም አሁን ብታገኚው ምን ታደርጊያለሽ?” ብዬ እጠይቃለሁ፤ እውነተኛ ጭቃ ያለበት ጫማም እጇ ላይ አኖራለሁ። እጅ ሥራ ሲያገኝ ፊት ማስመሰል ይተዋል።

ድምፅን በተመለከተ ለረጅም ጊዜ “ጮክ በሉ” ከማለት ያለፈ ነገር አላውቅም ነበር። በጥሞና ሳዳምጥ ግን ልጆቹ የሚጠፋባቸው ሁልጊዜ የዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ መሆኑን ተረዳሁ፤ ትንፋሻቸው እዚያ ያልቃል። በአማርኛ ደግሞ መጨረሻ ላይ የሚመጣው ግሡ ነው። “አባታችን የላከውን ደብዳቤ እኔ” ካለ በኋላ ተናጋሪው አንብቤዋለሁ፣ ቀድጄዋለሁ ወይም አላየሁትም ሊል ይችላል፤ የነገሩ ሁሉ ዕጣ በዚያች ቃል ላይ ነው። ስለዚህ ሁለት ሁለት ሆነው በግቢው ወዲህና ወዲያ ማዶ ቆመው፣ አንዱ የሚናገረውን ግሥ ብቻ ሌላው እንዲደግምለት የሚያደርግ ልምምድ ሠራን። ግሡ ካልደረሰ ዓረፍተ ነገሩ ከመጀመሪያው ይደገማል። በአንድ ወር ውስጥ ልጆቹ ሳይጮኹ መሰማት ቻሉ።

የጊዜ አከፋፈልንም በስሕተት ነው የተማርኩት። በንባቡ ፍሬ ተደስቼ ለሦስት ሳምንታት ከወንበር ሳናስነሣቸው ብንቆይ አንዳንዶቹ ልጆች ወደ ኳሱ ሜዳ ሄዱ፤ የስምንተኛ ክፍሎቹም የሚኒስትሪ ፈተና ስላለባቸው ቀድሞውንም ጊዜያቸው ጠባብ ነበር። አሁን ከ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ ግማሹን ብቻ ተቀምጠን እንመረምራለን፤ የመረመርነውንም በዚያው ዕለት ቆመን እንሞክረዋለን።

በዓመቱ መጨረሻ ትዕይንቱን በወላጆች ቀን በሜዳው መድረክ ላይ እንድናቀርብ ስንጠየቅ ክፍል ውስጥ እንድናቀርበው ለመንኩ። ሜዳው ላይ ያለው ማይክሮፎን አንድ በመሆኑ ተዋናዮቹ ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉት ለመናገር ይገደዳሉ፤ ማይክሮፎን የያዘ እጅ ደግሞ ጫማ ማንሣት አይችልም። ጥያቄዬ ተቀባይነት ስላገኘ ወንበሮቹን በክብ አደረግናቸው፣ ነጠላ እንደ መጋረጃ ሰቀልን፣ በሁለት ቀናትም ለተለያዩ ወላጆች አራት ጊዜ አቀረብን። ማንም አልሳቀም። በመጀመሪያው ቀን እህት የሆነችው ልጅ “ይሰማል” የሚለውን አላልታ ተናገረችው፤ ወንድም የሆነው ልጅም ወደ ነጠላው ተመልክቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። በሁለተኛው ቀን፣ ለእኔም ለእርሱም ሳትነግረን፣ አጥብቃ ተናገረችው። ልጁ ለአፍታ ቆመ፤ ከዚያም ፊቱን ከነጠላው አንሥቶ ወደ በሩ አዞረና፣ ሄዶ በሩን በቀስታ ዘጋው።