የሚታጠብ ድንጋይ፣ የሚለሰልስ ድንጋይ

ክረምት ለእኔ የድንጋይ ወቅት ነው። በበጋ ሁሉም ድንጋይ አቧራ ለብሶ አንድ ዓይነት ግራጫ ይሆናል። ነሐሴ ሲገባ ግን ዝናቡ ያጥበዋል፣ ጎርፉም ከሥር የነበረውን ወደ ላይ ያወጣዋል፤ ያን ጊዜ ትክክለኛ ቀለሙ ይታያል። እርጥብ ድንጋይ ተለስልሶ ሲያበቃ ምን እንደሚመስል አስቀድሞ ይናገራል። ውሃው የሻከረውን ገጽ ስለሚሞላው ብርሃኑ እየተበተነ አይጠፋም። ማለስለስም የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ ውሃው መድረቁ ብቻ ነው። ስለዚህ በዚህ ወቅት ዓይኔ ከመሬት አይነሣም። ከእኔ ጋር በእግር የሚሄድ ሰው ትዕግሥት ያስፈልገዋል።

ድንጋይ ለመሰብሰብ ሩቅ አገር መሄድ የግድ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። የእኔ ዋና ምንጭ ግን ለቤት መሠረት የሚራገፈው ጥቁር ድንጋይ ነው። በቅርቡ ከሰፈራችን በታች በሚሠራ ቤት ደጃፍ፣ በሰላሌ በኩል ካለ ካባ የመጣ ክምር ውስጥ፣ ሆዱ ነጭ የሆነ ድንጋይ አየሁ። ጥበቃው ሽማግሌ ናቸው።

«አባባ፣ ይህችን አንዷን ብወስዳት ይከፋዎታል?»

«ምን ልታደርጋት ልጄ?»

«ላጥባት።»

ቆም ብለው አዩኝና «እንግዲያው አጥበህ አምጥተህ አሳየኝ» አሉ።

ያ ነጭ ነገር ከየት መጣ? የአገራችን ደጋ ትልቁ ክፍል የተነጠፈው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ጀምሮ እየተደራረበ በፈሰሰ ቅልጥ ድንጋይ ነው። ቅልጡ ሲቀዘቅዝ በውስጡ የነበረው ጋዝ ማምለጫ አጥቶ በየቦታው ክፍተት ትቶ ቀረ። ከዚያ በኋላ በስንጥቁ የሚሰርገው ውሃ ያሟሟውን ማዕድን እያመጣ በእነዚያ ክፍተቶች ግድግዳ ላይ ሽፋን በሽፋን ለጠፈው። አንዳንዱ ክፍተት በካልሳይት ይሞላል፣ አንዳንዱ በዚዮላይት፤ ዕድለኛ የሆነ ሰው ደግሞ በራእይ የምናነበውን ኬልቄዶን፣ ወይም ቀለበት በቀለበት የተሠራውን አጌት ያገኛል። ከመሐል ባዶ ቦታ የተረፈ እንደሆነ ኳርትዝ የሚባለው መስተዋት መሰል ማዕድን ጫፉን አሹሎ ወደ ውስጥ ያድጋል።

መጀመሪያ ማጠብ ነው። ሳፋ፣ ለብ ያለ ውሃ፣ ትንሽ ሳሙና፣ ያረጀ የጥርስ ብሩሽ፣ ለጠባቡ ስንጥቅ ደግሞ የተሾለ የቀርከሃ ስንጥር። ብረት ነክ ነገር ቶሎ አላነሣም፤ ብረት ለስላሳውን ማዕድን ይጭረዋል፣ በደረቁም ላይ ግራጫ መስመር ይተዋል። ጭቃው በአንድ ምሽት ካልለቀቀ ውሃ ውስጥ አሳድረዋለሁ። ዝገት የመሰለውን ቡናማ ሽፋን ለማስለቀቅ ወደ አሲድ ከመሮጥ በፊት ደግሞ በማይታይ ጥግ ላይ አንድ ጠብታ ሎሚ ወይም አቼቶ መሞከር ነው። አረፋ ከደፈቀ ድንጋዩ ካልሳይት ወይም የኖራ ድንጋይ ነው፤ አሲድ ይበላዋል፤ በውሃና በብሩሽ ብቻ መጨረስ ይሻላል። ከማጠቡ ሥራ የምወደው ቅጽበት ውሃው ከቡናማ ወደ ጥርት ያለ ሲለወጥና ጣቴ ጭቃ ሳይሆን ድንጋይ ሲነካ ነው። ያቺ የሰላሌዋ ድንጋይ ያን ቀን ከሆዷ የሩዝ ፍሬ የሚያካክሉ ጫፎች አውጥታ አሳየችኝ። ለአባባ ወሰድኩላቸው። ተቀበሉኝ፣ ወደ ፀሐይ አዙረው አዩ፣ ከዚያ ጨው መስሏቸው በምላሳቸው ጫፍ ነካ አደረጓት። «ጨው አይደለም» አሉ በቁም ነገር። እውነትም ጨውና ኳርትዝን ለመለየት ምላስ ጥሩ መሣሪያ ነው።

ሌላው መለያ ጥንካሬ ነው። ፍሪድሪሽ ሞስ የተባለ ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1812 ያወጣው ከ1 እስከ 10 የሚደርስ መለኪያ ዛሬም ያገለግላል፤ ቤት ውስጥ ባሉ ነገሮችም ይሠራል። የጣት ጥፍር 2 ተኩል ገደማ ነው፤ ጀሶ የሚሠራበት ጂፕሰም በጥፍር ይጫራል። ካልሳይት 3 ነው፤ በቢላዋ ይጫራል። የመስኮት መስተዋት 5 ተኩል ገደማ ነው። ኳርትዝና አጌት 7 ስለሆኑ መስተዋቱን ይጭሩታል። ይህን ሳያዩ ማለስለስ መጀመር ከንቱ ድካም ነው፤ በአንድ ድንጋይ ውስጥ ለስላሳና ጠንካራ ማዕድን ጎን ለጎን ካሉ ለስላሳው ቶሎ ይበላና ገጹ ይጎደጉዳል።

በሌላው ዓለም በዚህ ሥራ የሚጠመዱ ሰዎች ድንጋዩን ከሻካራ ዱቄትና ከውሃ ጋር ለሳምንታት የሚያሽከረክር በርሜል አላቸው። እኔ በእጄ ነው የምሠራው፤ በእጅ መሥራቱንም እመርጣለሁ። በርሜሉ ሁሉንም ድንጋይ ድቡልቡል ያደርገዋል፤ እጅ ግን የቱን ገጽ ከፍቶ የቱን መተው እንዳለበት ያውቃል። መሣሪያዬ የመኪና ቀለም ቀቢዎች የሚጠቀሙበት ጥቁሩ የውሃ ብርጭቆ ወረቀት ነው። በወረቀቱ ላይ ያለው ሲሊኮን ካርባይድ ከኳርትዝ ስለሚጠነክር አጌትን ሳይቀር ይሞርዳል፤ ነገር ግን አጌት ቶሎ አይሸነፍም፣ ወረቀትም ይጨርሳል። መርካቶ ሶማሌ ተራ አካባቢ ከ80 ቁጥር ጀምሮ እስከ 2000 ይገኛል፤ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ወረቀቱ ሻካራነቱ ይቀንሳል። በ80 ወይም በ120 ቅርጹ ይወጣል፣ በ220 የ80ው ጭረት ይጠፋል፣ በ400 የ220ው፣ እንዲህ እየተባለ ይኬዳል። አንድ ቁጥር መዝለል የሚያስገኘው ጥቅም የለም፤ የተዘለለው ጭረት መጨረሻ ላይ ገጹ ሲያበራ ጎልቶ ይወጣል። ከቁጥር ወደ ቁጥር ሲታለፍ ድንጋዩም፣ እጅም፣ ጠረጴዛውም ይታጠባል። አንዲት የ220 ቅንጣት ጥፍር ሥር ተሸሽጋ ብትቀር የ1200ን ሥራ ታበላሻለች። የመጨረሻው ማንጸባረቂያ ሴሪየም ኦክሳይድ የሚባል፣ መስተዋትና ሌንስ የሚወለወልበት ዱቄት ነው፤ በእርጥብ የቆዳ ቁራጭ ላይ ተቀብቶ ይታሻል።

አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። ድንጋይ በደረቁ አይሞረድም። ኳርትዝና አጌት የተሠሩበት የሲሊካ አቧራ ሳንባ ውስጥ ገብቶ አይወጣም፤ ቀስ በቀስ ሳንባውን በጠባሳ ያደድረዋል፣ መድኃኒትም የለውም። ውሃ አቧራውን ይይዛል። ጭምብል ማድረግ ደግሞ ጥሩ ነው፤ ውሃውን ግን አይተካም።

ከሁሉ ቶሎ የሚያበራው ባልጩት ነው። ባልጩት ክፍተትም ሽፋንም የሌለው የእሳተ ገሞራ መስተዋት ነውና በ2000 ቁጥር ታሽቶ ትንሽ ሴሪየም ሲነካው ፊት ያሳያል። በስምጥ ሸለቆው መስመር፣ ከአዳማ ወደ መተሐራ ሲወረድ፣ በመንገድ ዳር የሚያብረቀርቀው ጥቁር ስባሪ አብዛኛው እሱ ነው። ነገር ግን ከመልካ ቁንጡሬና ከባልጩት መንደር አንድም ስባሪ አላነሣም። ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ባለው በዚያ የአዋሽ ዳርቻ ሰዎች ከ1.2 ሚሊዮን ዓመት በፊት ባልጩት እየጠረቡ መሣሪያ ይሠሩ ነበር፤ ስፍራው በ2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። መሬት ላይ የወደቀው ስባሪ የድንጋይ ፍርካሽ ይመስላል እንጂ የእጅ ሥራ ነው፤ ከወደቀበት ከተነሣ ምስክርነቱ ያበቃል። በደቡብ ኢትዮጵያ ቆዳ የሚፍቁ ባለሙያዎች እስከ እኛ ዘመን ድረስ በባልጩት ሲፍቁ መኖራቸውን ሳስብ ደግሞ ያ ሥራ ጨርሶ እንዳልተቋረጠ ይሰማኛል።

አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ያለው ኦፓል ነው። ደሴ ላይ ከአንድ ወጣት የገዛሁት፣ ከደላንታ ወገል ጤና አካባቢ የወጣ ነው። በዚያ ገደል ኦፓሉ መገኘቱ በዓለም ገበያ የተሰማው በ2000 ዓ.ም. ገደማ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የወሎ ኦፓል ስሙ ከአውስትራሊያው ጎን ይጠራል። ልጁ ገንዘቡን ሲቀበለኝ «ጋሼ፣ ዘይትና ቡና እንዳያስነኩት» ብሎ አስጠነቀቀኝ። ልክ ነው። የወሎ ኦፓል ውሃ ይጠጣል። ሳፋ ውስጥ ሲገባ ቀለሙ ሁሉ ጠፍቶ እንደ ጄላቲን ብርሃን የሚያሳልፍ ይሆናል፤ ሲደርቅ ይመለሳል። ንጹሕ ውሃ ከሆነ ጉዳት የለውም፤ ቀለም ወይም ቅባት ያለበት ከሆነ ግን ቆሻሻው አብሮ ይገባና በቀላሉ አይወጣም። ስለዚህ የሞረድኩበትን ውሃ ቶሎ ቶሎ እለውጣለሁ፣ ጨርቁም አዲስ ነው፣ ማድረቁም ከፀሐይና ከምድጃ ርቆ በዝግታ ነው፤ በድንገት የደረቀ ኦፓል ሊሰነጠቅ ይችላል። የሚያስደንቀው ቀለም የሚገኘው ከቀለም አይደለም። በውስጡ ያሉት ዓይን የማያያቸው የሲሊካ እንክብሎች በሥርዓት ስለተደረደሩ በመካከላቸው የሚያልፈውን ብርሃን ይከፋፍሉታል፤ ድንጋዩ ትንሽ ዘንበል ሲል አረንጓዴው ወደ ብርቱካን የሚዞረው ለዚህ ነው።

ይህን ድንጋይ ስሞርድ የሚያወጡት ሰዎች ከሐሳቤ አይጠፉም። ገደሉን ወደ ጎን በእጅ መሣሪያ እየቀደዱ ነው የሚገቡት፤ ናዳ ብዙ ቤት አጨልሟል። ኦፓሉ ከዚያ ወጥቶ ጥሬውን ተሽጦ፣ ሌላ አገር ተቆርጦና ተወልውሎ ዋጋው ሲባዛ ማየት ያንገበግበኛል። የመሞረዱ ጥበብ ተአምር አይደለም፤ ውሃ፣ ወረቀትና ትዕግሥት ነው። ወገል ጤናና ደሴ ላይ ድንጋዩን ለጌጥ አድርሰው የሚሸጡ ወጣቶች በበዙ ቁጥር ደስ ይለኛል።

ቅሪተ አካል ግን ሌላ ነገር ነው። እዚህ ላይ አቋሜ የጸና ነው፦ ቅሪተ አካል ይጸዳል እንጂ አይለሰልስም። አጌትና ኦፓል ውበታቸው ከውስጥ ነው፤ ላዩ ቢነሣ ይገለጣል። ቅሪተ አካል ግን ያለው ሁሉ ላዩ ላይ ነው፤ የቅርፊቱ መስመር፣ ያደገበት ቀለበት፣ ሌላ እንስሳ የቦረቦረው ቀዳዳ። ያንን በወረቀት አሽቶ ማብራት ጽሑፉን ፍቆ ብራናውን ማስቀረት ነው። ከሞሮኮ የሚመጡትን የተወለወሉ አሞናይቶች፣ ጥምዝ ቅርፊት የነበራቸውን የጥንት የባሕር እንስሳት፣ አይቻለሁ፤ የውስጥ ክፍሎቻቸውን ስለሚያሳዩ ያምራሉ፤ የውጭ ገጻቸው ግን ለዘለዓለም ሄዷል።

ወደ ደብረ ማርቆስ ስሄድ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርደው መንገድ ሁልጊዜ ያስቆመኛል። ከላይ ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ አለ፣ ከሥሩ የአሸዋ ድንጋይ፣ ከዚያ ነጣ ያለው የኖራ ድንጋይ፣ ከዚያ ጂፕሰም ያለበት ንብርብር፣ ታች ወንዙ ዘንድ ቀይ የአሸዋ ድንጋይ። የኖራ ድንጋዩ ከ150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት አገራችንን ያለበሰው ባሕር ወለል ነው። የሙገር ሲሚንቶ የሚሠራበት ድንጋይም ከዚያው ባሕር የተረፈ ነው። ለዚህ ድንጋይ ከመቀሌ በስተ ደቡብ ባለችው ህንጣሎ ስም መጠሪያ የሰጠው ዊልያም ብላንፎርድ ነው፤ በ1860 ዓ.ም. የናፒየር ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት አብሮ የመጣ የሥነ ምድር ባለሙያ። በዚያ የመከራ ዓመት አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ ድንጋያችንን ሲያጠና መኖሩ ብዙ ያሳስበኛል።

በመንገዱ ዳር የኖራ ድንጋይ ላይ ጣት የሚያህሉ ቅርፊቶች ፈጥጠው ይታያሉ። ብራኪዮፖድ የሚባለው ባለ ሁለት ክዳን የባሕር እንስሳ ከሆነ አንዱ ክዳን ከመሐል ቢከፈል ግራና ቀኙ እኩል ነው፤ ከባሕር ቀንድ አውጣ ወገን የሆነው ሌላው ባለ ሁለት ክዳን ከሆነ ደግሞ እያንዳንዱ ክዳን ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል፣ ሁለቱ ክዳኖች ግን እርስ በርስ ይመሳሰላሉ። ይህን አይቼ፣ ጎኑ ላይ ሳንቲም አስቀምጬ ፎቶ አነሣለሁ፣ ቦታውን እጽፋለሁ፣ ትቼው እሄዳለሁ። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ በአጋጣሚ ያገኘ ሰው ለሚመለከተው አካል የማሳወቅ ግዴታ አለበት፤ አጥንት ወይም ጥርስ ያየ ሰው ደግሞ ነካ ሳያደርግ መናገሩ ከሁሉ ይበልጣል። ቅሪተ አካሉ የተቀመጠበት ንብርብር ከሌለ ዕድሜው አይታወቅም።

የማጽዳት ሥራ እስከ ምን ድረስ ሊሄድ እንደሚችል ለማወቅ ሰላም የተባለችውን ሕፃን ማሰብ ይበቃል። በታኅሣሥ 1993 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ዲኪካ ላይ የተገኘችው የ3.3 ሚሊዮን ዓመቷ ሕፃን በጠነከረ የአሸዋ ድንጋይ ተይዛ ነበር። ዶክተር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ የጥርስ ሐኪም መሰርሰሪያ ይዘው አሸዋውን ከአጥንቷ ላይ ቅንጣት በቅንጣት ለዓመታት አነሡት፤ ግኝቱ ለዓለም የተነገረው በ1999 ዓ.ም. መጀመሪያ ነው። ከጎድን አጥንት መካከል አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ለማንሣት ትንፋሽ ይዞ መቀመጥ! አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም በሄድኩ ቁጥር ከድንቅነሽ ፊት ስቆም የማስበው ያገኟትን ብቻ ሳይሆን ያጸዷትንም ነው።

ኦፓሉ ሲደርቅ ከ1200 ወደ 2000 አልፋለሁ። መስቀል አልፎ መንገዱ ሲጠነክር ደግሞ ወደ ደላንታ ልወጣ አስቤአለሁ፤ ኦፓሉ የሚገኝበትን ንብርብር በዓይኔ ማየት፣ የሚያወጡትንም ሰዎች ድንጋዩን ከሸክላው እንዴት እንደሚለዩት መጠየቅ እፈልጋለሁ። ሁለት ሦስት ጥቅል የውሃ ብርጭቆ ወረቀት ይዤ እሄዳለሁ፤ የሚሻ ወጣት ካለ እዚያው ጀሪካን ውሃ አስቀምጠን እንሞርዳለን።