ሁለት ዲግሪ በአንድ በር

ዘንድሮ የማስተርስ ተማሪ ነኝ። ከየትኛው ቀን ጀምሮ እንደሆንኩ ብጠየቅ ግን መልስ የለኝም። የተመዘገብኩበት የኬሚስትሪ ፕሮግራም የመጀመሪያውንና የሁለተኛውን ዲግሪ አጣምሮ የሚያስተምር ስለሆነ በመካከሉ ምረቃ የለም፤ አዲስ ማመልከቻ የለም፤ ለድጋፍ ደብዳቤ የመምህራንን ቢሮ ማንኳኳትም የለም። የዕረፍቱ ጊዜ አለቀ፣ የኮርሶቹ መለያ ቁጥር ከፍ አለ፣ በቃ። በተለመደው መንገድ አብረውኝ የተማሩት ጓደኞቼ ዲግሪያቸውን ይዘው ወጥተዋል። አንዱ በቀለም ፋብሪካ የጥራት ቁጥጥር ክፍል ተቀጥሯል፤ ሌላዋ በፈጠራ መብት ጉዳዮች ላይ ለመሥራት ሕግ መማር ጀምራለች። እኔ እዚያው ኮሪደር፣ እዚያው የአሟሚ ፈሳሾች ሽታ ውስጥ ቀርቻለሁ። ቀርቻለሁ ማለቴ ቅሬታ እንዳይመስልብኝ። የሚገርመኝ፣ ትልቅ ደረጃ ተሻግሬ ሳለ እግሬ ምንም አለመሰማቱ ነው።

አጣምሮ ማስተማር አዲስ ፈሊጥ እንዳልሆነ የገባኝ በቅርቡ ነው። በጀርመን ዲፕሎም ይባል የነበረው የኬሚስትሪ ትምህርት አንድ ወጥና ረጅም ነበር። ትምህርቱን በሁለት ዲግሪ ከፍሎ ማስኬድ በአውሮፓ የተስፋፋው 29 አገሮች እ.ኤ.አ. በ1999 የቦሎኛን መግለጫ ከፈረሙ በኋላ ነው። በእንግሊዝ ደግሞ ተማሪው አራት ዓመት ተምሮ በቀጥታ በማስተርስ ማዕረግ የሚወጣበት የኬሚስትሪ ፕሮግራም እስከ ዛሬ የተለመደ ነው። እንግዲህ ድንበሩ የሰው ሥራ ነው፤ አንዱ ያሰምረዋል፣ ሌላው ያጠፋዋል። በራሱ በኬሚስትሪ ውስጥ ግን ማንም ሊያጠፋው የማይችል ሌላ ድንበር አለ፤ እኔ ሰሞኑን የማስበው ስለ እሱ ነው።

ኬሚስትሪ ሲያስተምሩህ በየዓመቱ ያለፈውን ዓመት ያፈርሱብሃል። መጀመሪያ ኤሌክትሮን በኑክሌየስ ዙሪያ የሚሽከረከር ትንሽ ኳስ ነበር። ትንሽ ቆይቶ ኳሱ ቀረና የት ሊገኝ እንደሚችል የሚነግር ደመና መጣ። ኦክስጅንን በሁለት ጥንድ ኤሌክትሮኖች የተያያዙ ሁለት አቶሞች አድርገን ስንስል ኖርን። ሥዕሉ ያምራል፤ ብቻውን የቀረ ኤሌክትሮን የለበትም፤ በፈተናም ሙሉ ነጥብ ያሰጣል። አንድ ቀን ግን ፈሳሽ ኦክስጅን በጠንካራ ማግኔት ጫፎች መካከል ሲፈስ አሳዩን። ሐመር ሰማያዊው ፈሳሽ ወደ ታች መውረዱን ትቶ በሁለቱ ጫፎች መካከል ተንጠለጠለ። በእኛ ሥዕል መሠረት ይህ ሊሆን አይገባውም ነበር፤ ኤሌክትሮኖቹ ሁሉ ጥንድ ጥንድ ከሆኑ ማግኔት እንዲህ አይስባቸውም። ኤሌክትሮኖቹ በመላው ሞለኪውል ላይ እንደ ተዘረጉ በሚቆጥረው የሞለኪውል ኦርቢታል ዘዴ ሲሰላ ግን በኦክስጅን ውስጥ ጥንድ የሌላቸው ሁለት ኤሌክትሮኖች ቁልጭ ብለው ይወጣሉ። መምህሩ «ያ የቀድሞው ሥዕል ስህተት አይደለም፤ ይህን ጥያቄ አይመልስም እንጂ» አሉ። ያኔ ማምለጫ መስሎኝ ነበር። አሁን ከሰማኋቸው ሁሉ ሐቀኛው ዓረፍተ ነገር ይመስለኛል።

ከዚህም የሚበልጥ የምወደው ታሪክ የኬሚስቱ የኒል ባርትሌት ነው። እስከ እ.ኤ.አ. 1962 ድረስ የመማሪያ መጻሕፍት ሂሊየምን፣ ኒዮንንና ዜኖንን የመሳሰሉት ጋዞች ከምንም ነገር ጋር እንደማይዋሃዱ ይናገሩ ነበር። ባርትሌት ፕላቲነም ሄክሳፍሎራይድ የተባለው ብርቱ ውህድ ከኦክስጅን ሞለኪውል ላይ ኤሌክትሮን መንጠቅ እንደሚችል ደርሶበት ነበር። ከኦክስጅን ሞለኪውል አንድ ኤሌክትሮን ለማላቀቅ የሚያስፈልገው ኃይል በሞል 1165 ኪሎጁል ያህል ነው፤ ከዜኖን ለማላቀቅ የሚያስፈልገው 1170 ያህል። ቁጥሮቹ ይቀራረባሉ። ባርትሌት የፕላቲነም ሄክሳፍሎራይዱን ትነት ከዜኖን ጋር አገናኘው፤ በተራ የክፍል ሙቀት ወዲያውኑ ጠጣር ነገር ተፈጠረ። በዚህ ታሪክ ሁልጊዜ የሚገርመኝ ስሌቱ ስሌት አለመሆኑ ነው፤ ሁለት ቁጥሮችን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ብቻ ነው። ሠንጠረዡን የሚያነብ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሁሉ ሊያደርገው ይችል ነበር። የጎደለው እውቀት አይደለም፤ መጽሐፉን የመጠርጠር ድፍረት ነው።

ድንበር ያልኩት እንግዲህ ይህ ነው። በማስተማሪያው ቤተ ሙከራ መልሱ አስቀድሞ ታውቋል። መመሪያው ውህዱ ነጭ መርፌ መሰል ክሪስታል እንደሚሆን፣ በስንት ዲግሪ እንደሚቀልጥ፣ ምን ያህል ምርት እንደሚጠበቅ ጽፎ ያስቀምጣል። የአንተ ብልቃጥ ውስጥ ያለው ቡናማ ቅባት ከሆነ ጥፋተኛው አንተ ነህ፤ ተፈጥሮ በዚያ ክፍል ውስጥ ተከሳ አታውቅም። ይህ መጥፎ ነው አልልም፤ እጅ የሚሠለጥነው እንዲህ ነው። ግን ለሦስት ዓመት ያህል አእምሮህን አንድ ነገር ያስለምደዋል፦ ውጤት ማለት ሌላ ሰው ካወቀው ነገር ጋር መገጣጠም ነው።

አሁን የምሠራው ፓላዲየም በተባለ ብረት አማካይነት ሁለት የካርቦን ቀለበቶችን የማጋጠም ሥራ ነው። ዘዴው የሱዙኪ ይባላል፤ ሱዙኪ ከሄክና ከነጊሺ ጋር የ2010ን (እ.ኤ.አ.) የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት የተጋራበት ነው። አንዱ ቀለበት ብሮሚን ተሸክሞ ይመጣል፣ ሌላው ቦሮን፤ ፓላዲየሙ መጀመሪያ ብሮሚን ባለበት ቦታ ይገባል፣ ቀጥሎ ቦሮን ተሸካሚውን ቀለበት ይቀበላል፣ በመጨረሻ ሁለቱን አጋጥሞ ራሱ ነጻ ይወጣና ሥራውን እንደገና ይጀምራል። በሰሌዳ ላይ ሲሳል የሚያምር ክብ ነው። የእኔ ችግር ቦሮን ተሸካሚው ቀለበት ናይትሮጅን ያለበት መሆኑ ነው፤ ቦሮኑም የተቀመጠው ከናይትሮጅኑ ቀጥሎ ባለው ካርቦን ላይ ነው። እንዲህ ያሉ ውህዶች ክፉ ስም አላቸው። ፓላዲየሙን ሳያገኙ ቦሮናቸውን ይጥሉና ተራ ፒሪዲን፣ ማለትም ቦሮን የሌለው ባለ ናይትሮጅን ቀለበት፣ ሆነው ይቀራሉ። ብሮሚን ያለው ውህድ እንደ ነበረ ተመልሶ ይገኛል፤ ሌላኛው ግን የለም። ውህዶችን ነጣጥሎ እንደ ነጥብ በሚያሳየኝ የክሮማቶግራፊ ሳህን ላይ ያው የማውቀው ነጥብ ብቻውን ተቀምጦ ይጠብቀኛል።

ይህን ውጤት ይዤ ወደ አማካሪዬ ስሄድ እንደ ልማዴ ፍርድ ጠበቅኩ። ልክ ነው ወይም ልክ አይደለም እንዲሉኝ። እሳቸው ወረቀቱን ተመለከቱና «ምን ይመስልሃል?» አሉኝ። ትሕትና መስሎኝ ዝም አልኩ። ዝምታው ሲረዝም ግን የእውነት እየጠየቁኝ እንደሆነ ገባኝ፤ እሳቸውም አያውቁትም። በጽሑፍ የወጡ መፍትሔዎች አሉ፤ ለምሳሌ ቦሮኑን ሚዳ በሚባል መጠቅለያ ሸፍኖ ቀስ በቀስ እንዲለቀቅ ማድረግ፣ ወይም ቦሮኑን ትቶ በቆርቆሮ ወይም በዚንክ መሥራት። ለእኔ ውህድ የትኛው እንደሚሠራ ግን የትም አልተጻፈም። የማስተርስ ተማሪ የሆንኩት በዚያች ደቂቃ ይመስለኛል፤ ሬጅስትራሩ አላወቀልኝም እንጂ።

በነገራችን ላይ፣ ማንም አስቀድሞ ያልነገረኝ ነገር ቢኖር የማባዛት ጭካኔ ነው። እያንዳንዱ ደረጃ 90 በመቶ ምርት ቢሰጥ ማንም ደስ ይለዋል። አሥር ደረጃዎችን በተከታታይ ብትሠራ ግን በእጅህ የሚቀረው ከጀመርከው 35 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ የሰባተኛውን ደረጃ ውህድ የያዘች ትንሽ ጠርሙስ ስታይ ያለቀባት ጊዜና ድካም ሁሉ ይታይሃል፤ ከሚዛኑ ወደ ብልቃጡ ስታሻግራትም ትንፋሽህን ትይዛለህ። ሌላው የማጣራት ነገር ነው። የአሟሚዎቹ ቅሪት በኤንኤምአር ስፔክትረም ላይ (በማግኔት አማካይነት የሞለኪውልን ሃይድሮጅኖች በሚያሳየው ሥዕል) የሚታይበትን ቦታ እንደ ስልክ ቁጥር በቃሌ ይዣለሁ፦ ኤቲል አሴቴት 4.12፣ 2.05፣ 1.26፤ ክሎሮፎርም 7.26። የክሎሮፎርሙ በተለይ ያበሳጫል፤ የእኔ ቀለበቶች ሃይድሮጅኖች በሚሰለፉበት ሠፈር መካከል ገብቶ ይቆማል።

የተጣመረው ፕሮግራም ለዚህ ዓይነት ሥራ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። እጄ የለመደውን ቤተ ሙከራ ሳልለቅ፣ መሣሪያዎቹን እንደ አዲስ ሳልተዋወቅ፣ ለማመልከቻ የሚጠፋውን ጊዜ ሳላባክን ቀጥታ ወደ ጥያቄው ገብቻለሁ። የማልወድለት ነገር ግን አለ። በተለመደው መንገድ የሄዱት ጓደኞቼ በሦስተኛው ዓመት ማብቂያ ቆመው ራሳቸውን መጠየቅ ግድ ሆኖባቸዋል፦ ይህን በእርግጥ እፈልገዋለሁ? የቀለም ፋብሪካው ጓደኛዬ አስቦ ወጣ፤ ሕግ የጀመረችውም አስባ ዞረች። እኔን ማንም አልጠየቀኝም። ገና ከሁለተኛ ደረጃ እንደ ወጣሁ የሞላሁት ቅጽ እስከ ዛሬ በእኔ ስም ይወስናል።

በፕሮግራማችን የመጀመሪያውን ዲግሪ ብቻ ይዞ መውጣት ይቻላል፤ ደንቡ ላይ አለ። አምና አንድ የክፍላችን ልጅ ያንን መርጦ ሲወጣ ግን ሰዉ የወደቀ ያህል አንሾካሾከበት። ውጤቱ ከብዙዎቻችን የተሻለ ነበር። የሚያሳዝነው፣ መውጫውን አስበው ያዘጋጁት ሰዎች የሚወጣበት ሰው እንዳያፍር የሚያደርግ ቃል ሳይጽፉለት መቅረታቸው ነው። ቢያንስ በሦስተኛው ዓመት መጨረሻ አንድ ገጽ ወረቀት ቢሰጡንና «ለምን ትቀጥላለህ?» ብለው ቢጠይቁን ምን ይጎዳቸው ነበር? መልሱን ማንም ባያነበውም ግድ የለኝም።

እኔ እቀጥላለሁ። ጥያቄውን ራሴ ዘግይቼ ለራሴ አቅርቤ የመለስኩት ነው፤ ምክንያቱም ያ ብቻውን የሚቀመጠው ነጥብ ያናድደኛል፣ ንዴቱም ደስ ይለኛል።

አሁን ያለብኝ ክርክር ስለ መመረቂያ ጽሑፉ ነው። ያልሠሩትን ሁኔታዎች ሁሉ በሠንጠረዥ አዘጋጅቻለሁ፦ የትኛው ቤዝ፣ የትኛው አሟሚ፣ ስንት ዲግሪ ሙቀት፣ ከብሮሚን ተሸካሚው ምን ያህሉ ተመለሰ። አማካሪዬ አባሪ ውስጥ ይግባ ይላሉ፤ አንባቢ የሚፈልገው የሠራውን ነው ባይ ናቸው። ታትመው የወጡ ጽሑፎችን ሳነብ ብዙዎቹ የተሳካውን ብቻ ስለሚያሳዩኝ፣ ሌላው ሰው ቀድሞ የሞከረውንና ያልሆነለትን ነገር ሳላውቅ እየደገምኩት እንደሆነ እጠረጥራለሁ። ስለዚህ ሠንጠረዡን ሦስተኛው ምዕራፍ መካከል አስገብቼ ረቂቁን ትናንት ማታ ልኬላቸዋለሁ። ሐሙስ እንገናኛለን።