127 ኪሎ ሜትር

እማየ የላሊበላ ስለቷን ይዛ ብዙ ዓመት ቆየች። ጉልበቷ ከታመመ ወዲህ የመኪናው መንገድ አልሆነላትም። ከኮምቦልቻ ተነስቶ በደሴ፣ በሐይቅ፣ በውርጌሳ፣ በመርሳ፣ በወልድያ አድርጎ ጋሸና ላይ እስኪታጠፍና ላሊበላ እስኪደርስ 300 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፤ አብዛኛው ደግሞ ዳገትና ጠመዝማዛ። ስለዚህ ዘንድሮ የአውሮፕላን ቲኬት ቆረጥኩና አብረን ሄድን።

በአዲስ አበባ በኩል መሆኑን ስነግራት ግራ ገባት። «ልጄ፣ ላስታ እኮ ወደ ላይ ነው። ለምን ሸዋ እንወርዳለን? አባቴ በእግሩ በደላንታ አቋርጦ በሳምንቱ ደርሷል» አለችኝ። የምመልስላት አጣሁ። ዝም ማለቴን አይታ «አብሽር፣ መድረሱ ነው» አለች።

ቦሌ ላይ ቀጣዩን በረራ ስንጠብቅ እሷ ነጠላዋን ተከናንባ አሸለበች። እኔ በቦርዲንግ ፓሱ ጀርባ ማስላት ጀመርኩ። የኮምቦልቻ ኤርፖርት በ11.08 ዲግሪ ሰሜን፣ በ39.71 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ነው፤ የላሊበላው በ11.98 እና በ38.98። አንድ ዲግሪ ኬክሮስ 111 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ልዩነቱ ወደ ሰሜን 100፣ ወደ ምዕራብ 79 ኪሎ ሜትር ገደማ ይመጣል። ሁለቱን በፓይታጎረስ ቀመር ሳጋጥማቸው 127 ኪሎ ሜትር ገደማ ሆነ። ሁለቱም ከተሞች ወሎ ውስጥ ናቸው። እኛ ግን ወደ ቦሌ 250፣ ከቦሌ ላሊበላ 330፣ በድምሩ 580 ኪሎ ሜትር ያህል ልንበር ነው።

ኪው 400 የሚባለው ባለፕሮፔለር አውሮፕላን በሰዓት እስከ 660 ኪሎ ሜትር ይበራል። በዚህ ፍጥነት 127 ኪሎ ሜትር 12 ደቂቃ ነው። እርግጥ አውሮፕላን ከመሬት ሲነሳ ያን ፍጥነት ይዞ አይነሳም። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,870 ሜትር ገደማ ነው፣ ላሊበላ ከዚያም ትንሽ ይበልጣል፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ለመነሳት ረዘም ያለ መንደርደሪያ ይፈልጋል። መውጣቱ፣ መውረዱና መዞሩ ሲደመር ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው። አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሳይደርስ ማለት ነው።

ያችን ቀጥታ መስመር በካርታ ተከተልኳት። በኩታበር አድርጋ የበሽሎን ሸለቆ ትሻገራለች፤ ከዚያ ኦፓል የተባለው የከበረ ድንጋይ የሚወጣበት ደላንታ፣ ወገል ጤና አጠገብ፤ ከዚያ ዋድላ፤ ከዚያ ላስታ። አያቴ በእግሩ የሄደበት አገር ነው። መኪናው በወልድያ የሚዞረው እነዚያን ገደሎች ሽሽት ነው። አውሮፕላን ግን ገደል አይፈራም።

በረራው ቦሌ ላይ እንዲገናኝ የተደረገበት ምክንያት ይገባኛል፤ ከኮምቦልቻ ላሊበላ በየቀኑ አውሮፕላን የሚሞላ መንገደኛ ላይገኝ ይችላል። ለገና ሰሞን ግን፣ ታኅሣሥ 29 ሲቃረብ፣ ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ እንደ እማየ ጉልበቱ የደከመ ስንት ስለተኛ አለ! ለእነሱ ሲባል በዓመት ሁለት ሦስት ቀን እንኳ ቀጥታ በረራ ቢኖር ከልቤ እመኛለሁ።

የላሊበላው ኤርፖርት ያለበት ሽምሽሃ ላይ ስንወርድ ፀሐይ ዘንበል ብላለች። እማየ ክንዴን ይዛ ደረጃውን ከጨረሰች በኋላ «ደሴ በየት በኩል ነው?» አለችኝ። በስተደቡብ ምሥራቅ ያለውን የተራራ ጀርባ አሳየኋት።

«እንግዲያ አባቴ የመጣው በዚያ ነው» አለች፤ ነጠላዋን አስተካክላ ወደዚያው ዞራ ቆመች። ከተማው ገና 23 ኪሎ ሜትር ይቀረናል። ሹፌሩ ሁለቴ ጠራን፤ እኔም ትንሽ እንዲታገሰን በእጄ ምልክት ሰጠሁት።